የጠቆረው አውራ ጣት

ዓርብ ረፋዱ ላይ መቶ አለቃ ተክለወልድ ወደ ሠዓሊው መሪጌታ ገብረወልድ የሥራ ክፍል ሲገባ፣ ከሬሳው በቀር ከቦታው የተነሣ ነገር አልነበረም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ በርና ወደ ምሥራቅ የሚያይ አንድ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ሥር ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የበግ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ አለ። ከጠረጴዛው በስተቀኝ ሦስት የቀለም ቀንዶች በአፈሩ ወለል ላይ ተተክለዋል። በመጀመሪያው ጥቁር የጥላሸት ቀለም፣ በሁለተኛው ከቀይ አፈር የተበጠበጠ ቀለም ነበር። ሦስተኛው ቀንድ ክፍት ነው፤ የሰም ክዳኑ ከጎኑ ተቀምጧል። የቀለም መፍጫው ድንጋይ ከቦታው አልተነቃነቀም። መጁ ግን በሩ አጠገብ ወድቋል፤ አንደኛው ጫፉ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቆበታል።

በጠረጴዛው ላይ በምስማር የተወጠረ ትልቅ ወረቀት አለ። ከአሰላ በላይ ለሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የታሰበ የስቅለት ንድፍ ነው። ተክለወልድ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ አለ። መስቀሉ፣ እመቤታችን፣ ዮሐንስ፣ በግራ የቆሙት ወታደሮች፣ ሁሉም በጥቁር መስመር ተሥለዋል። የመጨረሻው ወታደር ግን ሁለት መልክ ነበረው። ከትከሻው በታች እንደ ሌሎቹ ጥቁር ነው። ራሱ፣ የተዘረጋ እጁና የያዘው ጦር ግን የቀጠነ ሻይ ይመስላሉ። ክፉዎች እንደሚሣሉት በጎን፣ በአንድ ዓይን ተሥሏል፤ ያቺም ዓይን በጭንቅ ነው የምትታየው።

«ቀለም አልቆበት ይሆናል» አለ ከኋላው የቆመው ሃምሳ አለቃ ፍሰሐ።

«ቀንዱ ውስጥ ገና ብዙ አለ።»

«እንግዲህ እኔ ሥዕል ብዬ የማውቀው የመታወቂያዬን ፎቶግራፍ ነው። እሱም እኔን አይመስልም።»

ተክለወልድ አልሳቀም። ከጠረጴዛው ሥር የወደቀውን የመቃ ብዕር አነሣ፤ ጫፉን አየና በመሐረብ ጠቀለለው። ከዚያ ሦስተኛውን ቀንድ በሰም ክዳኑ ደፍኖ ከወለሉ ነቀለው።

«ሬሳውን ማን አነሣው?»

«ደቀ መዝሙሩ አበጋዝ ነው ያገኘው። የመሪጌታ ሚስት ውድነሽ ጢቾ ለቅሶ ሰንብታ ዛሬ ጠዋት ስትደርስ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አጥበው ገነዙት። እኛን የጠራን ከዚያ በኋላ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አይቶታል፤ ከኋላው ማጅራቱን ተመትቷል፣ አንድ ጊዜ። መቼ ብዬ ጠየቅሁት። ‹በዚህ ብርድ፣ ታጥቦና ተገንዞ ለመጣ ሬሳ ማታ ይሁን ጠዋት አልምልም› አለኝ።»

ግቢው ውስጥ ቀኛዝማች ኃይለየሱስ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አዲሱን ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ምኑን ትመረምራለህ?» አሉ። «ገዳዩ የታወቀ ነው። ሁሴኖ ነው፤ አበጋዝ ነግሮኛል።»

ሁሴኖ ከጭላሎ ተራራ ሥር የሚያርስ የአርሲ ሰው ነው። ለመሪጌታ ቀይ አፈርና የግራር ቅርፊት ያመጣለት ነበር። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሁለቱ ሰፈሩ እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል። መሪጌታ ቅርፊቱ ወፍራም ነውና የአገሬው ሰው ከሚያከብረው የሼኽ መቃብር ላይ ከበቀለው ትልቅ ግራር ልጠህ አምጣልኝ ብሎታል። ሁሴኖ አሻፈረኝ አለ። ሲወጣም በሩ ላይ ቆሞ፣ ያን ዛፍ የነካ እጅ ይከስላል ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወደ ሮቤ በሚሄድ የእህል መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ይህን ሁሉም በአንድ ቃል ይናገራል።

«ለሮቤ ተደውሏል» አሉ ቀኛዝማች። «ዛሬ ታስሮ ይመጣል።»

«እርስዎ መሪጌታን መቼ አዩት?»

«ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ንድፉን ላይ መጥቼ ነበር። ደኅና ነበር፤ እንዲያውም እሑድ በካህናቱ ፊት የምናገረው አለኝ አለኝ። ስለ ምን ብለው፣ ስለ ቀለም አለ። የሱ ነገር ሁሌም ቀለም ነው።»

አበጋዝ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚያበጥር ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ብራና መፋቅ፣ ጥላሸት መፍጨትና ሥዕል መሣል የተማረው ከመሪጌታ ነው። ከግቢው ጥግ ባለች ክፍል ይኖራል። ተክለወልድ እዚያው ክፍሉ ድረስ ሄዶ አነጋገረው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ምን ሰማህ?»

«ጭቅጭቁን። ከዚያ ሁሴኖ በሩን ወርውሮት ሲወጣ አየሁ። ትንሽ ቆይቼ ራት ላቅርብ ብዬ መሪጌታን ተጣራሁ፤ አልመለሱልኝም። ተቆጥተዋል ብዬ ተውኳቸው።»

«በሩን አልከፈትክም?»

«ሥራ ላይ ሲሆኑ በር አይከፈትባቸውም፣ መቶ አለቃ። በመስኮቱ ግን ብቅ ብዬ አይቻለሁ። እሳቸው አልታዩኝም። ከጠረጴዛው ሥር መውደቃቸውን በምን ልወቅ? ዛሬ ጀምበር ስትወጣ ስገባ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው።»

«በመስኮቱ ስታይ ሥዕሉ ይታይ ነበር?»

«ከመስኮቱ ሥር እኮ ነው ያለው። አየሁት።»

«እንዴት ነበር?»

«እርስዎ እንዳዩት።»

«የዳር ወታደሩ ራስና ጦር እንደዚያ ፈዝዞ?»

«እንደዚያው። ቀለም ወደ ማለቁ ሲል ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ ያን ጊዜ ይቀጥናል። ሊነሡ ሲሉ በቀጠነው ጨርሰውት ነው። ነገ ይደግሙታል ብዬ አሰብኩ።»

«ሐሙስ አመሻሽ ላይ ራሱም፣ ጦሩም ነበሩ።»

«ነበሩ።»

ተክለወልድ ይህን ቃል አስደግሞ ሰማና ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። የመልአክ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ዳሩን ሐረግ ከቦታል።

«የእጅህ ሥራ ነው?»

«የኔ ነው።»

ተክለወልድ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ከሐረጉ ጫፍ ላይ ዳበስ አደረገ። ጣቱን አየት አድርጎ በመሐረቡ ጠረገ። መሐረቡ ላይ የቀረው ሰማያዊ ነበር። አበጋዝ ወደ በሩ ይመለከት ስለነበር አላየውም።

የኸይሩ ሱቅ ከመሪጌታ ግቢ ጋር አንድ አጥር ነው። ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ፣ ደብተርና የጠርሙስ ቀለም ይሸጣል።

«መሪጌታ ይህን ቀለምህን የሰይጣን ሽንት ይለው ነበር አሉ» አለ ተክለወልድ።

«ይል ነበር» አለ ኸይሩ ጠርሙሱን በጨርቅ እየወለወለ። «ስኳሬን ግን ይወደው ነበር። ወላሂ፣ ሰውየው ሻይ ሲጠጣ ማንኪያው ቆሞ ይቀራል።»

«ጥል አልነበራችሁም?»

«እሱ ለካህናቱ የጠርሙስ ቀለም አትግዙ ይላል፤ እኔ ለተማሪዎች እሸጣለሁ። ምን ያጣላናል? በፀሐይ ይለቃል፣ ውሃ ሲነካው ይፈሳል ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔም ለመጽሐፍ ይሆናል ብዬ ሸጬ አላውቅም።»

«ከተማሪ ሌላ ማን ይገዛሃል?»

«ጸሐፊዎች። አበጋዝም።»

«የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የጠርሙስ ቀለም ምን ያደርግለታል?»

«ደብዳቤ ይጽፍበታል ብዬ ነው። በወሰደው ልክ ከሆነ በአገሩ ሁሉ ዘመድ ያለው ሰው ነው።»

ተክለወልድ አንድ ሉክ ወረቀት ገዛ። በራሱ በኸይሩ ባንኮኒ ላይ ዘርግቶ ይዞት የመጣውን የሦስተኛውን ቀንድ የሰም ክዳን ከፈተና በመሪጌታ ብዕር አንድ መስመር አሰመረ። መስመሩ የቀጠነ ሻይ ይመስል ነበር።

«ይህስ ምንድን ነው?» አለ ኸይሩ።

«እስካሁን አላወቅሁም» አለ ተክለወልድ፤ ወረቀቱን አናፍሶ ያዘው።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ወይዘሮ ውድነሽ አስጠራችው። የመሪጌታ ወንድም ከአርቦዬ እስኪደርስ ቀብሩ ለማግስቱ ቆይቷል። ወንድምየው እንደ ደረሰ የሟቹን እጅ ልሳም ብሎ ሴቶቹ ግንዘቱን ፈቱለት። አሁን ሁሉም ከሬሳው ርቀው ከግድግዳው ተጠግተዋል። ማንም አያለቅስም።

«እይልኝ» አለች ውድነሽ። «ጠዋት ሳጥበው አውራ ጣቱ ላይ ቡናማ ነገር ነበር። በሳሙና አሸሁት፤ አልለቅ አለኝ፣ ተውኩት። አሁን እይልኝ።»

የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣቱ ከሰል መስለዋል።

«ይከስላል አለው» አለች ከሴቶቹ አንዷ በለሆሳስ። «ከሰለ።»

ቃሉ ከቤቱ ወጥቶ ግቢውን ለመሙላት ጊዜ አልፈጀበትም። ተክለወልድ ሲወጣ ዱላ የያዙ ሰዎች በአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብለው አገኛቸው። ቀኛዝማች ክንዱን ያዙት።

«ስማኝ ልጄ። ነገ ከቀብር በኋላ ይህ ሕዝብ ሰውየውን ከእጅህ ይወስደዋል። እኔ ላስቆመው አልችልም። ላስቆመውም አልፈልግም።»

«ከቀብር በፊት እዚህ ክፍል ውስጥ ይገኙልኝ» አለ ተክለወልድ። «ሌላ የምለምንዎት የለኝም።»

ፋኖስ አስለኩሶ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። በሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ረፋድ ላይ በጭንቅ የምትታየው የወታደሩ ዓይን አሁን ከበሩ ድረስ ትታየዋለች። ጠጋ አለ። ራሱ፣ እጁ፣ ጦሩ ጠቁረዋል። ከትከሻው በታች ያለውን ያህል ገና አልሆኑም፤ ግን ጠቁረዋል። ክፍሉን የቆለፈው እሱ ነው፤ ቁልፉም ቀኑን ሙሉ በኪሱ ነበር።

«በስመ አብ» አለ ፍሰሐ ከኋላው። «ማን ነው የሣለው?»

«ማንም አልሣለውም» አለ ተክለወልድ፤ የኸይሩን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ከፋኖሱ አጠገብ ዘረጋው። መስመሩ ሻይ መምሰሉ ቀርቷል።

ሁሴኖን ያመጣችው መኪና በዚያው ሰዓት ገደማ ጣቢያው ደረሰች። እጆቹ በገመድ ወደ ኋላ ታስረው ነበር።

«እኔ አልገደልኩም፣ ጎፍታ፣ ጌታዬ። ተጣላን እንጂ አልነካሁትም።»

«እጁ ይከስላል ብለሃል።»

«ብያለሁ። አባቴም እንዲህ እያለ ነበር ያሳደገን። ዛፉን እንዳንነካ ነው። የከሰለ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።»

«ቅርፊቱን ምን ያደርግበት ነበር?»

«ይቀቅለዋል። የዛገ ምስማር ይጨምርበታል፤ አጥልሎ በሰም ይዘጋዋል። ክፉ ይሸታል። እኔ ከበሩ አላልፍም ነበር።»

«ሌላ ሰው ይህን ያውቃል?»

«ማንም እንዳይሰማ ብሎኛል። በተለይ አበጋዝ። ከጥላሸት ሌላ አይነካም ብዬ ያስተማርኩት ልጅ ይስቅብኛል አለ።»

ውጭ ሰዎች ከጣቢያው አጥር ተሰብስበው ነበር። ሁሴኖ ድምፃቸውን ሰማ፤ ምን እንደሚሉም ገባው። የአጥሩን ወገን አየት አድርጎ ራሱን ደፋ።

«ነገ ነው?» አለ።

ተክለወልድ ኪሱ ውስጥ ያለውን የኸይሩን ወረቀት ዳበሰ። ማስረጃው ገና አልተሟላም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በመሪጌታ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀኛዝማች መደቡ ላይ ተቀመጡ። ውድነሽና ኸይሩ በመስኮቱ፣ አበጋዝ በቀንዶቹ አጠገብ ቆሙ። ሁሴኖን ፍሰሐ ይዞት ገባ። ከውጭ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል፤ ሁሴኖ ሲያልፍ ለቅሶው ቆሞ ነበር።

ተክለወልድ የኸይሩን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ይህ መስመር ትናንት ቀትር ላይ ኸይሩ እያየ ያሰመርኩት ነው። ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር» አለ ኸይሩ። «ግን ሲሰመር ሻይ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ከሥሩ ያለው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የተሰመረ ነው። ገና ሻይ ነው። አሁን ሦስተኛውን አሰምራለሁ።» የቀንዱን ክዳን ነቅሎ አሰመረ። «እዩት፤ ይህኛው ከሁለተኛውም የፈዘዘ ነው። ከግራር ቅርፊትና ከዛገ ብረት የተሠራ ቀለም ነው። በሰም ተዘግቶ ሲቀመጥ ፈዛዛ ነው። ወረቀት ላይ ወጥቶ አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይጠቁራል። ባደረ ጊዜ ከጥላሸት አይለይም። እጅ ላይም እንዲሁ ነው።»

ውድነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ጣቱን ያከሰለው እርግማን አይደለም፣ እትዬ ውድነሽ። ብዕር የያዘበት ጣት ነው። ጠዋት ሲያጥቡት ቡናማ ነበር፤ ሲመሽ ጠቆረ። ሐሙስ አመሻሽ የነካው ቀለም ቢሆን ኖሮ ሲያጥቡት ጥቁር ሆኖ ባገኙት። መሪጌታ ዓርብ ጠዋት በሕይወት ነበር፤ ብዕርም ይዞ ነበር።»

«ሥዕሉስ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ሥዕሉም ያንኑ ይላል። ዓርብ ረፋድ ላይ የወታደሩ ራስና ጦር ሻይ ነበሩ። ቀለሙ ቀጥኖ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ትንሽ በትንሽ እየሳሳ በሄደ። እዚህ ግን ትከሻው ላይ ተቆርጦ ነው የተለየው፤ በሁለት ቀን የተሠራ ነው። እርስዎ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲያዩት ይህ ወታደር እንዴት ነበር?»

ቀኛዝማች ጎንበስ ብለው አዩ።

«ራስ አልነበረውም» አሉ። «እንዲያውም ራሱን የት ጣልከው ብዬ ቀለድኩበት። ፊት የሚሣለው በጠዋት ብርሃን፣ እህል ሳይቀመስ ነው አለኝ።»

«ዓርብ ጠዋት ሁሴኖ የት ነበር?»

«ሮቤ» አለ ኸይሩ። «ሐሙስ አመሻሽ መኪናው ላይ ሲወጣ እኔ ነኝ ያየሁት።»

«እንግዲህ ገዳዩ ሌላ ነው። ሰው ከኋላው እየቆመ መሪጌታ ሥዕሉን አልተወም፤ የሚያምነው ሰው ነበር ማለት ነው። እትዬ ውድነሽ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። በግቢው ውስጥ ያደረ አንድ ሰው ነው።» ተክለወልድ ወደ አበጋዝ አልዞረም፤ ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ነበር። «ይኸው ሰው ራሱንና ጦሩን ሐሙስ አመሻሽ ላይ በመስኮት አየሁ ብሎኛል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ግን አልተሣሉም። ፈዝዘው ያያቸው ሰው ያየው ዓርብ ጠዋት፣ ገና ሲሣሉ ነው። ለምን እንደ ፈዘዙ ስጠይቀው ውሃ ተጨምሮበት ነው አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ደግሞ ከወረቀቱ ላይ ባረፈበት ቅጽበት የሆነውን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፈዛዛው መስመር ሰዓቱን እንደሚናገርበት አልጠረጠረም። ቢጠረጥር ወረቀቱን ባቃጠለው ነበር።»

«አበጋዝ?» አለች ውድነሽ። «ያሳደገህን?»

አበጋዝ ዓይኑን ወደ ቀንዶቹ መለሰ።

ተክለወልድ መሐረቡን አውጥቶ ሰማያዊውን ነጠብጣብ አሳየ። «ይህ ካንተ መልአክ ሐረግ ላይ የለቀቀ ነው። ጥላሸት በምራቅ ሰማያዊ አይሆንም። የጥላሸት ቀለም እስኪበስል ወራት ይፈጃል። አንተ የምትሥላቸውን መጻሕፍት በጠርሙስ ቀለም እየጨረስክ በመሪጌታ ስም ለአብያተ ክርስቲያናት ሰጥተሃል። እሱ ደረሰበት። እሑድ በካህናቱ ፊት ሊናገር የነበረው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ብሩሽ የሚያስይዝህ ደብር አይኖርም።»

«ለምኜው ነበር» አለ አበጋዝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ዓርብ ጠዋት ገብቼ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ፊቱን አላዞረልኝም፤ ያን ወታደር ይሥላል። ‹ከጥላሸት ሌላ የነካ እጅ የኔ ልጅ አይደለም› አለኝ። እሱ ራሱ ውሃ የመሰለ ነገር ይዞ ነበር። ምን እንደሆነ ለኔ አልነገረኝም። ለኔ።» ቆም አለ። «መጁ እጄ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

«ከዚያ በኋላ ግን ያወቅኸው ብዙ ነው» አለ ተክለወልድ። «የሁሴኖን ስም መጀመሪያ ለቀኛዝማች የነገርከው አንተ ነህ።»

ቀኛዝማች ተነሥተው በሩን ከፈቱና ለቀስተኛው ፊት ቆሙ። ያሉት አጭር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደገሙት፣ ሁለተኛውን በኦሮምኛ። ዱላ የያዙት ሰዎች መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አንዱ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ወደ ሬሳው ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ፍሰሐ የሁሴኖን ገመድ በቢላዋ ቆረጠለት።

«ልሂድ?» አለ ሁሴኖ።

«ሂድ። በጓሮ በኩል ውጣ፤ ለዛሬ ብቻ።»

መሪጌታ ገብረወልድ ያን ዕለት ከሰዓት በፊት ተቀበረ። ችሎቱ በአበጋዝ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ሁሴኖ ወደ ማሳው ተመለሰ፤ ገመዱ የቆረጠው የእጆቹ አንጓ ድኖ እርፍ እስኪይዝ ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀ።